ክርስትና አንሺው በዛ፣ አሳዳጊው ጠፋ

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስንቀመጥ አጀንዳችን «ባትሪ» ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ስንነሣም «ባትሪ» ነው። በመካከሉ ሁለት ዙር ሻይ ተጠጥቷል፤ አንድ አባል ተቆጥቶ ወጥቶ፣ ውጭ በስልክ አውርቶ፣ በርዶለት ተመልሷል። ቃሉ ግን እዚያው ነው። ለሚቀጥለው ሰኞ ተላልፏል። ባለፈው ሰኞም የተላለፈው ለዚህኛው ሰኞ ነበር።

ቤት ገብቼ ይህን ሳወራ ይስቁብኛል። ባትሪ ደግሞ ምን ያጨቃጭቃል? እስቲ ልንገራችሁ። ማታ ወደ ጓሮ ሲወጣ ቦግ የሚደረገው የእጅ መብራት «ባትሪ» ነው። ሆዱ ውስጥ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ነው። መኪና ኮፈኖ ሥር ያለው፣ አሲድ የሚጠጣው ከባዱ ሣጥንም «ባትሪ» ነው። ስልካችን ጀርባ የተደበቀው ቀጭኑም «ባትሪ» ነው። ኢንጂነሩ አባላችን «ድንጋይ የሚባል ነገር ከሳይንስ መዝገብ ይውጣልኝ» ይላሉ። የግዕዝ መምህሩ «ሕዝብ ያወጣውን ስም የምንሽር እኛ ማን ነን?» ይላሉ። እኔ በመካከል ተቀምጬ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የሚሰማኝ ግን የለም። ስሙ ይቆየንና፣ ነገሩ ስንት ነው? የትኛው የትኛው ውስጥ ይገባል? ከማን ሥር ይቀመጣል?

ሥራችን ቴሳውረስ ማዘጋጀት ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ግምጃ ቤት ማለት ነው። የሚገርመው በግዕዝም «መዝገብ» ማለት ያው ግምጃ ቤት ነው። «መዝገበ ቃላት» ስንል የኖርነው የቃላት ግምጃ ቤት ማለታችን ነበር። ስሙስ ከጥንት ጀምሮ እጃችን ላይ አለ፤ የቸገረን የግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ነው። ተራው መዝገበ ቃላት ቃሉን ፈትቶ ይተወዋል። ቴሳውረስ ግን ከዘመዶቹ ጋር ያገናኘዋል። ከበላዩ ያለው ሰፊው ጽንሰ ሐሳብ ማን ነው? ከበታቹ ያሉት ጠባቦቹ እነማን ናቸው? በጎን የሚዛመዱት የትኞቹ ናቸው? ለአንድ ነገር አምስት ስም ካለ የሚመረጠው የትኛው ነው፣ የቀሩት አራቱስ ወደ ማን ይላኩ? ለዚህ ሁሉ አይኤስኦ 25964 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሁለተኛው በ2013 ወጥቷል። እኛ ቢሮ ግን በቁጥር የሚጠራው የለም። «ወላጁ ማን ነው? ልጆች አሉት? ዘመድስ?» ነው የምንባባለው። የሚሰማን ሰው የዕድር መዝገብ የምንሞላ ይመስለዋል።

የታከተኝ ታዲያ ምንድን ነው? ስም ለማውጣት የማይሽቀዳደም ሰው መጥፋቱ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጠረጴዛው ላይ ጣል ይደረግ ብቻ፤ ግዕዝ የሚያውቀው ከግዕዝ ይመዛል፣ የገጠር ልጅ የነበረው ከአያቱ አፍ ያመጣል፣ አንዱ ሁለት ቃል ቆርጦ ይሰፋል። ሁሉም ክርስትና አንሺ ነው። ስሙ ወጥቶ ከተጨበጨበ በኋላ ልጁን ተቀብሎ ከወንድም ከእኅቱ መካከል የሚያስቀምጥ፣ «ይህ ከዚያ ይሰፋል፣ ይህ የዚያ አካል ነው» ብሎ የሚያሳድግ ሲፈለግ ግን ሁሉም ስልኩን ማየት ይጀምራል። አማርኛው ራሱ «ጽንሰ ሐሳብ» ይለዋል እኮ! እኛ ዘንድ ጽንሱ ሳይኖር የክርስትናው ድግስ ይደገሳል። የሙያ ቃላትን ጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ኦይገን ቩስተር የሚያስተምረው ግልባጩን ነበር፤ መጀመሪያ ጽንሰ ሐሳቡን ለይ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለውን ወሰን አስምር፣ ስም የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል አይጠፋም። መልአኩ መደቡንም አብሮ ቢነግረን ምናለ!

«ኃይል»ን ያነሣን ዕለት የሆነውን ላውራችሁ። ፊዚክስ ሦስት ነገር ይለያል፤ በኒውተን የሚለካው ፎርስ፣ በጁል የሚለካው ኢነርጂ፣ በዋት የሚለካው ፓወር። ሦስቱን ያቀላቀለ ተማሪ ፈተና ይወድቃል። እኛ ግን «የስበት ኃይል» ስንል የመጀመሪያውን ነው፤ «የፀሐይ ኃይል» ስንል ሁለተኛውን፤ «የኤሌክትሪክ ኃይል» ስንል እንደ ተናጋሪው ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም። «የፈረስ ጉልበት» ስንል ደግሞ ሦስተኛውን ነው፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ይሆናል። ያው «ጉልበት» የቀን ሠራተኛው ዘንድ ላብ ነው፤ ሐኪም ቤት ሲሄድ እግር ላይ ያለ መገጣጠሚያ ይሆናል። «የሰው ኃይል» የአስተዳደር ጉዳይ ነው፣ «አየር ኃይል» ጦር ነው። መንግሥትንም የቸገረው ይመስላል፤ ድርጅቱ «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል» ይባላል፣ ሚኒስቴሩ ግን «የውኃና ኢነርጂ»።

ዶክተሩ «ኢነርጂን አቅም እንበለውና እንገላገል» አሉ። መምህሩ «አቅምማ ለሌላ ተይዟል» አሉ። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። በዚህ መሃል ፕሮጀክተሩ ድርግም አለ፤ ክፍሉ ጨለመ። ሁላችንም በአንድ አፍ ምን ብንል ጥሩ ነው? «መብራት ሄደ!» ጠዋቱን ሙሉ በኃይልና በኢነርጂ ስንሟገት ከዋልነው ከአሥራ አንዳችን አንድ ሰው እንኳ «የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ» አላለም። አንባቢውም እንደዚሁ ነው። የሚመጣው «መብራት» ብሎ ነው። «መብራት» ያለውን ሰው «ለዚህ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦትን ተጠቀም» ብለን በሩን ካላሳየነው ያ ሁሉ ድካም ለአሥራ አንዳችን ብቻ ሊሆን ነው። ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ አልኩ። «ኮምፒውተሩ ጠፍቷል» አለችኝ ጸሐፊዋ።

ሆሄውንስ ማን ይቻለው! «ኃይል» የሚለው የመጀመሪያ ፊደሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት መልክ። «ፀሐይ» በጸ ወይም በፀ ተጀምሮ መሃሉ ላይ ያው ስድስቱ ይፈራረቁበታል፤ ዐሥራ ሁለት መልክ። «የፀሐይ ኃይል» ብሎ ለመጻፍ እንግዲህ 72 መንገድ አለ። ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ዘንድ ግን 72 የማይተዋወቁ ባዕዳን ናቸው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ሰጠው፤ እሰየው። ሀ እና ሐ ዛሬ በአማርኛ አፍ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ግን ለማሽኑ የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ከአራት ባለሙያ የተላከው ዝርዝር ሲቀላቀል አንዱ ጽንሰ ሐሳብ በአራት ረድፍ ተሰልፎ ጠበቀኝ፤ ሁለቱ ወላጅ የላቸውም፣ አንዱ ልጆቹን በሌላው አጻጻፍ ስም አስመዝግቧል፣ አራተኛው የራሱ አባት ሆኗል። መምህሩን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ትክክለኛው በብዙኃኑ ኀ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ፈላጊው የሚጽፈው ጣቱ መጀመሪያ ያገኘውን ፊደል ነው።

ተራውም ሌላ ጣጣ ነው። ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ መዝገቦቻቸውን በ«አበገደ» ደረደሩ፤ ተማሪ ቤት ያደገው ትውልድ የሚያውቀው «ሀለሐመ»ን ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስለሆነ ተራው የእንግሊዝኛው ነው፤ ቤተሰብ የሆኑ ቃላት በሰው አገር ፊደል ተበትነዋል። እሺ፣ በራሳችን ፊደል እንደርድር ብንል «የ» የሚባል ጉረኖ ይቆየናል። የፀሐይ ኃይል፣ የደም ግፊት፣ የአፈር መሸርሸር፣ የውኃ ልክ፣ ሁሉም እዚያ ታጉረዋል። «የ»ን ወደ ኋላ ገፍተን «ኃይል፣ የፀሐይ» ብንል የወታደር ስም ጥሪ ይመስላል። መሣሪያው ሁሉ መ ቤት ነው፤ መለኪያ፣ መቁረጫ፣ ማቀዝቀዣ፣ ማንሻ። የትምህርት ዘርፉ ሁሉ «ሥነ» ነው። ቴርሞሜትርን የሚፈልግ ሰው «የሙቀት መለኪያ» ብሎ በ«የ» ይሂድ፣ «መለኪያ» ብሎ በ«መ» ይሂድ፣ እንደ ፈረንጁ በ«ተ» ይሂድ? በሦስቱም ደጃፍ ሰው ማቆም አለብን። ደጃፍ ላይ መቆም ደግሞ ማንም አይወድም፤ ሁሉም መግባት ነው የሚፈልገው።

አንድ ቀን መሮኝ ጋራዥ ሄድኩ። አንድ የተከበሩ አባል፣ ሞተር ውስጥ ለነዳጁ እሳት የምትጭረዋን ትንሽ ዕቃ «ብልጭታ ፈጣሪ» ብለው ሰይመዋት ነበር። መካኒኩ ከመኪና ሥር ራሱን ብቅ አደረገ፤ እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ዕቃዋን አሳየሁት።

«ወንድሜ፣ ይህቺን ምን ትሏታላችሁ?»

«ካንዴላ ነዋ!»

«ሌላ ስም የላትም?»

«ምን ሌላ ስም ያስፈልጋታል ጋሼ? ካንዴላ ካንዴላ ናት።» ከዚያ ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። «ይህቺ የማቀጣጠያው ወገን ናት። ሞተሪኖ ጋ እንዳትቀላቅሏት፣ እሱ የማስነሻው ነው።»

ደብተሬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ፍሬኑን ከፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮን በአንድ ወገን፣ ባሌስትራን ለብቻ አድርጎ ዘረዘረልኝ። ስሞቹ አብዛኞቹ ጣሊያን ጥሎብን የሄደው ናቸው፤ አደረጃጀቱ ግን የልጁ ነው። ሞተሩ አልነሣ ሲል የቱን ከቱ ቀጥሎ መፈተሽ እንዳለበት ስለሚያውቅ መደቡን ያውቃል። ማንም አበል ከፍሎት አይደለም።

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ ሰኞ ላይ ደስታዬ አበቃ። ፊዚሲስቱ «ካንዴላ እኮ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ናት፤ ከሰባቱ ዓለም አቀፍ መሠረታዊ አሃዶች አንዷ ናት፤ እንዴት ለሞተር ዕቃ ይሰጣል?» አሉ። እውነት ነው፤ ናት። ሁለቱም ካንዴላዎች የተወለዱት ሻማ ከሚለው አንድ ቃል ነው። መፍትሔውም ያረጀ ያፈጀ ነው፤ «ካንዴላ (የሞተር ክፍል)»፣ «ካንዴላ (የብርሃን አሃድ)» ብሎ በቅንፍ መለየት። የአምስት ደቂቃ ሥራ። ሁለት ሰኞ ፈጀብን፤ «የጋራዥ ቃል የሳይንስን ክብር ይነካል» የሚሉ ነበሩና።

አንዳንዴ ደግሞ «ለምን እንለፋለን? የተዘጋጀ አለ አይደል፣ ተርጉመን እንገላገል» የሚል ይነሣል። አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የሚያሰናዳው አግሮቮክ ከ40 ሺህ በላይ የእርሻና የምግብ ጽንሰ ሐሳቦችን በብዙ ቋንቋዎች ደርድሯል። ከእሱ የማይማር ሞኝ ነው። ችግሩ ተርጓሚያችን ቃሉን እንጂ ቦታውን አለማየቱ ነው። እንግሊዝኛ የብረቱን ዝገትና የስንዴውን በሽታ በአንድ ስም ይጠራል። የእኛ ገበሬ ግን የብረቱን ዝገት፣ የሰብሉን ዋግ ብሎ ድሮ ለይቶ አስቀምጦልናል፤ ቢጫ ዋግ፣ የግንድ ዋግ እያለም ከሥሩ ይዘረዝራል። «የስንዴ ዝገት» የሚል ወረቀት ደረሰን። በማግስቱ ዝርዝሩ ላይ «ዝገት» በአንድ እጁ ስንዴን፣ በሌላው ቆርቆሮን ይዞ ቆሟል።

እንሰት ላይ የደረሰውማ አይነገርም። በዘር የሙዝ ቤተሰብ ስለሆነ «ፍራፍሬ ሥር ይግባ» ያለ አለ፤ ፍሬውን ግን የሚበላው የለም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው፤ ቆጮ፣ ቡላ፣ አሚቾ። ስለዚህ «ሥራ ሥር ነው» ያለም አለ። «ቃጫውስ?» ብሎ ሦስተኛው ተነሣ። ለዚህ ደንቡ ቀላል መፈተኛ አለው። ጤፍ ሁሉ እህል ነው፤ ከእህል አንዳንዱ ጤፍ ነው፤ እንግዲያው ጤፍ በእህል ሥር ይገባል። ጤፍ ሁሉ ግን እንጀራ አይሆንም፤ ቂጣም ገንፎም ይሆናል፤ እንጀራም ከማሽላና ከገብስ ይጋገራል፤ ስለዚህ ጤፍና እንጀራ ዘመድ ናቸው እንጂ ወላጅና ልጅ አይደሉም። እንሰት ደግሞ ፈተናውን በሁለት በኩል ካለፈ ሁለት ወላጅ ይኑረው፤ ደንቡ ይፈቅዳል። በእኛ ኮሚቴ ግን ሁለት ወላጅ ማለት ሁለት ሊቀመንበር እንደማለት ሆኖ ይሰማል። «አንዱ ይመረጥ!» ተባለ። ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለአምስት፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ።

እንዲህ ስንሆን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ አገሩን የመደበው ሰው ትዝ ይለኛል። ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ነው ብለው በሜትር የለኩት በኋላ የመጡት ናቸው። እሱ የለካው በሚበቅለው ሰብል፣ በሌሊቱ ብርድና በከብቱ ጤና ነው። ሦስት አራት ቃል፣ ከታች ወደ ላይ፣ ማንም የማይሳሳተው። ስብሰባ አልተጠራም፤ ዘር የት እንደሚዘራ ማወቅ ነበረበት፣ አለዚያ ይራባል። እኛ ብንሳሳት የሚራብ የለም። ለዚህ ይሆን እንዴ የማንቸኩለው?

ያልተስማማንበት ሁሉ መጨረሻው «ልዩ ልዩ» ነው። የመንግሥት ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ መደርደሪያው ጥግ ላይ ያለ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጀርባው ላይ «ልዩ ልዩ» የተባለ ማኅደር። የጠፋ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ አለ፤ እዚያ ያለ ደብዳቤ ግን አይገኝም። የእኛም «ልዩ ልዩ» ከየትኛውም መደብ ይልቅ ወፍሯል። ከእሱ የማይተናነሰው «ተመልከት» ነው። «ኮረንቲ፦ ኤሌክትሪክን ተመልከት» ይላል። ኤሌክትሪክ ጋ ስትሄዱ «ኮረንቲን ተመልከት» ይላችኋል። መስኮት አምስት ወደ መስኮት ስምንት ልኮ፣ መስኮት ስምንት «አምስት ጋ ነው እኮ!» እንደሚላችሁ ማለት ነው። ሁለቱን ምልክቶች የጻፉት ሁለት የተለያዩ አባላት ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል ነኝ ይላሉ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮጄት የታወቀውን ቴሳውረሱን እ.ኤ.አ. በ1852 ሲያሳትም ዕድሜው 73 ነበር፤ ቃላቱን በአንድ ሺህ ርእስ ከፋፍሎ ደረደራቸው። ለብቻው ነው። ይህን ለኮሚቴው ተናገርኩ። «እሱ ጡረታ ወጥቶ ነው፣ ጊዜ ነበረው» አሉኝ። ከመካከላችን ሦስቱም ጡረተኞች ናቸው።

ማታ ሰፈሬ መብራት ሄደ። እየዳበስኩ ወርጄ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ሻማ ለኩሶ ተቀምጧል።

«ባትሪ አለህ?» አልኩት።

«ድንጋዩን ነው ወይስ ከነባትሪው?»

ዝም አልኩ። ሙሉውን ከክፍሉ፣ ዕቃውን ከውስጡ በአንድ «ከነ» ለየልኝ። እኛ እኮ ስንት ሰኞ ፈጀን።

«ድንጋዩን» አልኩት።

«ትልቁን ነው ትንሹን?»

ጠባብ ቃል ደግሞ! «ትልቁን» አልኩ፤ ሁለት ሰጠኝ፤ ከፍዬ በጨለማው ተመለስኩ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለኝ።